«በዓመት 1900 ሰዓት» ሲሉሽ ምን ማለታቸው ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሕግ ተምሬ ጨርሻለሁ። በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያለው አንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ሥራ ሰጥቶኛል። ደመወዙ ዓይን ይሞላል። ውሉ ግን በዓመት 1900 የሚከፈልበት ሰዓት መሙላት አለብሽ ይላል። 1900ን ለ52 ሳምንት ባካፍለው በሳምንት 37 እንኳ አይሞላም። ታዲያ እዚያ የሚሠሩት ልጆች እንቅልፍ አጣን የሚሉት ለምንድን ነው? ደግሞስ ጠበቃ ለምን በሰዓት ያስከፍላል? ‹በርትተሽ ከሠራሽ በስምንት ዓመት ሸሪክ ትሆኛለሽ› ብለውኛል። ልመናቸው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎች ከፈረሙ በኋላ ነው የሚጠይቁት። እኔም እንደ ታላቅ እህት ሳልሸፋፍን እመልስልሻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክለው። 52 ሳምንት ሙሉ አትሠሪም። የዓመት ፈቃድ አለ፣ በዓል አለ፣ የምትታመሚበት ቀን አለ። እነዚህ ሲቀነሱ 46 ሳምንት ገደማ ይቀርሻል። 1900ን ለ46 ስታካፍዪው በሳምንት 41 ሰዓት ከምናምን ይመጣል። በቀን ስምንት ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው። ልብ በይ፤ ይህ ቢሮ የዋልሽበት ሰዓት አይደለም። ስሙ ለታወቀ ደንበኛ፣ በታወቀ መዝገብ ላይ የሚታሰበው ብቻ ነው።

ምሳ አይታሰብም። የቢሮ ስብሰባ አይታሰብም። ሥልጠና፣ አዲስ የወጣ ሕግ ማንበብ፣ አዲስ ደንበኛ ከነባር ደንበኛ ጋር የጥቅም ግጭት እንዳለው ማጣራት፣ ባልደረባን ማገዝ፣ ሰዓቱን ራሱን መመዝገብ፣ አንዱም አይታሰብም። በደህና ቀን ቢሮ ከምታሳልፊው አራት ሰዓት ሦስቱ ቢታሰብልሽ ጥሩ ነው። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ከሩብ ለመሙላት አሥራ አንድ ሰዓት ያስፈልግሻል። ጠዋት 3 ሰዓት ገብተሽ ማታ 2 ሰዓት ትወጫለሽ፤ በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ።

ሥራ ደግሞ በየሳምንቱ እኩል አይመጣም። አንድ ሳምንት ሥራ ቀዝቅዞ 25 ሰዓት ብቻ ከሞላሽ የጎደለው 16 ሰዓት ወደሚቀጥሉት ሳምንታት ይዞራል። ሥራ የማምጣት ሥልጣን የለሽም፤ ሥራ ሲጠፋ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እንቅልፍ አጣን የሚሉሽ ልጆች አላጋነኑም።

አንድ ቀን እንዴት እንደሚመዘገብ ላሳይሽ። በብዙ ድርጅቶች ሰዓት በስድስት ስድስት ደቂቃ ይከፋፈላል። ስድስት ደቂቃ 0.1 ነው። ጠዋት የአንድ ደንበኛ ኢሜይል አንብበሽ ለመመለስ አሥር ደቂቃ ፈጀብሽ እንበል። 0.2 ብለሽ ትጽፊያለሽ። ቀጥሎ የውል ረቂቅ ስታርሚ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሄደ፤ 1.9። መሐል ላይ አንዱ ሸሪክ፣ ማለትም ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ፣ ጠርቶሽ ስለ ሌላ ጉዳይ ሃያ ደቂቃ አወራሽ፤ 0.4። ከዚያ የአርባ ደቂቃ የቢሮ ሥልጠና፤ ዜሮ። ከሰዓት በኋላ የቆየ ፍርድ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ለፍተሽ ምንም አላገኘሽም፤ 2.0። በየመስመሩ ጎን ምን እንደሠራሽ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ይገባል። ደንበኛው የሚከፍለው ያንን ዐረፍተ ነገር አይቶ ነውና አጻጻፉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ጥናት» ብሎ መጻፍና «ተከራዩ ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ ማፍረስ ይችል እንደሆነ ቀደምት ፍርዶችን መመርመር» ብሎ መጻፍ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን ደንበኛ ይከራከርበታል። ሁለተኛውን ይከፍላል።

እንግዲህ አሥር ደቂቃዋ አሥራ ሁለት፣ ሃያዋ ሃያ አራት ሆና እንደተመዘገበች አየሽ። ይህ በደንቡ የተፈቀደ ማጠጋጋት ነው። ፈተናው የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው 150 ሰዓት ጎድሎብሽ ስታገኚው፣ 1.9ኟን 2.5 ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነው። የሚያይሽ የለም። በዚህ ሙያ ትልቁ ስርቆት የሚጀምረው እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ነው። ፈቃዳቸውን ያጡ፣ እስር ቤት የገቡም ጠበቆች አሉ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1993 ባወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት፣ ለአንዱ ደንበኛ አውሮፕላን ላይ እየበረረ የሌላውን ሥራ የሚሠራ ጠበቃ ያንኑ ሰዓት ሁለቱንም ማስከፈል አይችልም ብሏል። ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ግን መጻፍ አስፈልጓል።

ወደ «ለምን በሰዓት?» ልሂድ። ጠበቃ ከጥንት ጀምሮ በሰዓት አላስከፈለም። በሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 የወጣ ሕግ ጠበቃ ለክርክሩ ስጦታ እንዳይቀበል ከልክሎ ነበር። መከልከሉ አልሠራም። በ47 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ ክፍያውን ፈቅዶ ጣሪያውን 10,000 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ ነው) አደረገው። በእንግሊዝ የባሪስተር፣ ማለትም ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ፣ ክፍያ እንደ ክብር ስጦታ ይቆጠር ስለነበር፣ ደንበኛ ቢከለክለው ባሪስተሩ ከሶ ማስከፈል አይችልም ነበር። ይህን የለወጠው በ1990 የወጣ ሕግ ነው። ጀርመን ደግሞ ዛሬም ድረስ የጠበቃ ክፍያን ከክርክሩ ገንዘብ መጠን ጋር የሚያያዝ ታሪፍ በሕግ ደንግጋለች። በሰዓት ማስከፈል ከብዙ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ያውም ቅርብ ጊዜ የመጣ።

አመጣጡን ማወቅ ይጠቅምሻል። ቦስተን ውስጥ ሬጂናልድ ሂበር ስሚዝ የሚባል ጠበቃ ነበር። በ1919 ድሆች ፍርድ ቤት ደርሰው ፍትሕ እንደማያገኙ የሚያሳይ፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ጥናት ያወጣ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ለድሆች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ማኅበር ይመራ ነበር። ወደ አንድ የግል ድርጅት ሲዛወር ጠበቆቹ ጊዜያቸውን ከፋፍለው እንዲመዘግቡ አደረገ። ዓላማው አንድ ሥራ ድርጅቱን ስንት እንደሚያስወጣ ማወቅ ነበር። ወጪን የማወቂያ ዘዴ ነበር እንጂ መሸጫ ዋጋ አልነበረም። ይህ ልዩነት በኋላ ተረሳ። እኔ የሙያው ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ የጠበቆች ማኅበራት ዝቅተኛ የክፍያ ታሪፍ ያወጡ ነበር። በ1958 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የጠበቆች ገቢ ከሐኪሞችና ከጥርስ ሐኪሞች ወደ ኋላ ቀርቷልና ጊዜያችሁን መዝግቡ የሚል ምክር ነበረበት። አንድ ጠበቃ ተጨማሪ ሰዓት ካልሠራ በቀር በዓመት ሊያስከፍል የሚችለው ወደ 1300 ሰዓት ነው ብሎም ገመተ። አሁን አንቺን 1900 ይሉሻል። ቀኑ ዛሬም 24 ሰዓት ነው። የተጨመረው 600 ሰዓት ከሰው ኑሮ ላይ የተቀነሰ ነው።

ከዚያ 1975 መጣ። ጎልድፋርብ የሚባሉ ባልና ሚስት ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ በሚባል ቦታ ቤት ሊገዙ ነው። የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ የሚመረምርላቸው ጠበቃ ያስፈልጋቸዋል። የመጀመሪያው ጠበቃ የነገራቸው ዋጋ የማኅበሩ ታሪፍ ላይ ያለው ነው። የሚቀንስ ቢገኝ ብለው ለሌሎች 36 ጠበቆች ደብዳቤ ጻፉ። 19ኙ መለሱ። ከታሪፉ በታች እሠራለሁ ያለ አንድም አልነበረም። ባልና ሚስቱ ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ይህ ዋጋ ተመካክሮ መወሰን ነው፣ ጠበቃ መሆን ከውድድር ሕግ አያስጥልም አለ። ታሪፍ በዚያው ቀረ። በየቦታው የነበረው የሰዓት መዝገብም ክፍተቱን ሞላው።

ደንበኞች ግን ሰዓትን አይወዱትም። መጨረሻው ስንት እንደሚሆን ሳያውቁ የሚከፍሉት ነገር ነው። ታዲያ ለምን አልጠፋም? መልሱ ያለው ድርጅቱ ውስጥ ነው። ለደንበኛው ሰዓት ዋጋ ነው፤ ለድርጅቱ ግን የሰው መለኪያ ነው። የግብር ጠበቃንና የክርክር ጠበቃን፣ ውል አርቃቂንና መርማሪን በአንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሌላ ቁጥር የላቸውም። ቦነስ ለማን፣ እድገት ለማን፣ ስንብት ለማን የሚለው ሁሉ በዚህ ቁጥር ይወሰናል። በአንዳንድ ሥራዎች ቁርጥ ዋጋ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች እንኳ ጁኒየሮቻቸውን፣ ማለትም ጀማሪ ጠበቆቻቸውን፣ ሰዓት ያስመዘግባሉ። ይህን ካወቅሽ ስለ ባህላቸው ብዙ ነገር ይገለጽልሻል።

ሁለት ጁኒየሮች አስቢ። አንዷ ያነበበችውን የማትረሳ ናት፤ ጥያቄውን በአርባ ደቂቃ ፈታችው። ሌላው አምስት ሰዓት ፈጀበት። ለደንበኛው የተሻለችው የመጀመሪያዋ ናት። በዓመቱ መጨረሻ ዝርዝሩ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ግን ሁለተኛው ነው። አዲስ ገቢን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምርም ከራሱ ሰዓት ያጎድላል። ስለዚህ «እዚህ ማንም አያስተምረኝም» የሚል ጁኒየር ሲያጋጥመኝ ሰዎቹ ክፉዎች ናቸው ብዬ አልደመድምም። ማስተማር የሚቆጠርበት ሣጥን እንደሌለ ግን አውቃለሁ።

ገንዘቡ የት እንደሚገባ ደግሞ በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ ለማሳያ ነው። የአንቺ አንድ ሰዓት 400 ዶላር ይሸጣል እንበል። በ1900 ሲባዛ 760,000 ይሆናል። ይህ ሁሉ አይገኝም። መጀመሪያ ሸሪኩ የክፍያ መጠየቂያውን ሲያይ ያቺን ፍሬ ያልሰጠች ሁለት ሰዓት ይሰርዛታል። ቀጥሎ ደንበኛው ቅናሽ ይጠይቃል። የቀረውንም አዘግይቶ ይከፍላል ወይም ከነጭራሹ አይከፍልም። ከመቶው 85 ተሰበሰበ እንበል፤ 646,000። በሙያው የቆየ የግምት ሒሳብ አለ፦ ሲሶው ለሠራተኛው ደመወዝ፣ ሲሶው ለቢሮ ወጪ፣ ሲሶው ለሸሪኮች ትርፍ። እያንዳንዱ ሲሶ 215,000 ገደማ ነው። አንድ ሸሪክ ሥር እንዳንቺ ያሉ አራት ጁኒየሮች ካሉ ከእናንተ ብቻ 860,000 ያገኛል። የራሱ ሥራ ሳይቆጠር ማለቴ ነው።

«በስምንት ዓመት ሸሪክ» የሚለውን ቃል በዚህ መነጽር እዪው። ሒሳቡ የሚሠራው ከሸሪኮቹ ይልቅ ጁኒየሮቹ ሲበዙ ነው። አራታችሁም ሸሪክ ብትሆኑ ለእያንዳንዳችሁ ሌላ አራት አራት ጁኒየር ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በመሐል እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን ሥርዓት ያደራጀው ፖል ክራቫዝ የሚባል የኒውዮርክ ጠበቃ ነው። በ1899 ከተቀላቀለው ድርጅት ጀምሮ ከሕግ ትምህርት ቤት ጎበዞቹን መልምሎ፣ ደህና ደመወዝ ከፍሎ፣ ከሸሪክ ወደ ሸሪክ እያዟዟረ ማሠልጠንን ወግ አደረገው። የተወሰነ ዓመት ሠርቶ ያላደገ ይሰናበታል። ሥልጠናው የእውነት ነበር፤ ስንብቱም የእውነት ነበር።

ዛሬ ደግሞ በመሐል አንድ ማዕረግ ገብቷል። ሸሪክ ትባያለሽ፣ ካርድሽ ላይ ይጻፋል፣ ነገር ግን ከትርፉ ድርሻ የለሽም። ደመወዝተኛ ነሽ። ሙሉ ሸሪክ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከባንክ ተበድሮም ቢሆን ካፒታል አዋጥቶ ነው። እንግዲህ «ሸሪክ ትሆኛለሽ» ሲሉሽ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቂ። አያፍሩም፤ አንቺም አትፈሪ።

ሸሪኮቹ ትርፉን እንዴት እንደሚካፈሉም ማወቅ አለብሽ። እኔ ስለ አንድ ድርጅት ባህል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ ብባል የምጠይቀው ይህን ነው። በአንዳንዱ ድርጅት አከፋፈሉ በአገልግሎት ዘመን ነው፤ እኩል የገቡ እኩል ያገኛሉ። እንዲህ ባለ ቦታ አንዱ ሸሪክ ደንበኛውን ለተሻለ ባለሙያ ባልደረባው ማስተላለፍ አይከብደውም። በሌላው ደግሞ ደንበኛውን ያመጣ ነው የሚበላው። እዚያ ሸሪኮች ደንበኛ ይደባበቃሉ፣ ጎበዝ ጁኒየር ይነጣጠቃሉ፣ አንቺም የአንድ ሰው ንብረት ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ያ ሰው ሲለቅ የሚደግፍሽ የለም።

ሁለተኛው ዓይነት እንዲስፋፋ አንድ ነገር ረድቷል። በ1985 አንድ የአሜሪካ የጠበቆች መጽሔት የትልልቅ ድርጅቶችን ገቢና ለአንድ ሸሪክ የሚደርሰውን ትርፍ በደረጃ ማተም ጀመረ። ከዚያ በፊት ጎረቤት ድርጅት ስንት እንደሚያገኝ ማንም በእርግጠኛነት አያውቅም ነበር። ቁጥሩ ሲታወቅ ደንበኛ ያላቸው ሸሪኮች ወደ ተሻለው መዝለል ጀመሩ። ድርጅቶች እነሱን ለማቆየት ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው፤ ቁጥሩ ከፍ የሚለው ደግሞ በጁኒየሮች ሰዓት ነው። ዱዊ ኤንድ ለቦፍ የተባለው ድርጅት በ2007 በውህደት ተመሠረተ። ከ1,000 በላይ ጠበቆች ነበሩት። ለብዙ ሸሪኮቹ ቋሚ ክፍያ ቃል ገባ። ገቢው ቃሉን መሸከም ሲያቅተው ሸሪኮቹ ደንበኞቻቸውን ይዘው ወጡ፤ በግንቦት 2012 ከሰረ። ጥብቅና ድርጅት ማሽን የለውም፣ ክምችት የለውም። ሀብቱ ማታ በሊፍት ወርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት ካልተመለሰ አለቀ።

ድርጅቶቹ የዛሬን ትርፍ ብቻ የሚያዩበት ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ አገር ጠበቃ ያልሆነ ሰው የጥብቅና ድርጅት ባለድርሻ እንዳይሆን ሕግ ይከለክላል። ምክንያቱ መልካም ነው፤ ባለአክሲዮን የጠበቃውን ታማኝነት ከደንበኛው ወደ ትርፉ እንዳይጎትተው ነው። አውስትራሊያ ግን ፈቀደች፤ በ2007 አንድ የጥብቅና ድርጅት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮን ገበያ ገባ። እንግሊዝም በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ በሩን ከፈተች። ክልከላው ባለበት ቦታ ትርፉ በየዓመቱ ተጠራርጎ ይከፈላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ፍሬ ለሚሰጥ ነገር፣ ለምሳሌ ለአንቺ ሥልጠና፣ ገንዘብ ለመመደብ የሚጓጓ ሸሪክ ጥቂት ነው። እሱ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥቷላ።

ስለ ጤናም ሳልነግርሽ አላልፍም። በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 12,825 ጠበቆችን ጠይቆ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ጎጂ የመጠጥ ልማድ አሳይቷል። 28 በመቶው የድባቴ ምልክት ነበረበት። ችግሩ የጎላው በሙያው የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ውስጥ ባሉት ላይ ነው፤ ያ ደግሞ የአንቺ ዕድሜ ነው። ብቻሽን አትሸከሚው። እንቅልፍ ማጣት ጀግንነት የሚመስልበት ቢሮ ውስጥ እርዳታ መጠየቅ ከባድ ነው። ቢሆንም ጠይቂ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ ይለውጠዋል ወይ ብለሽ ይሆናል። መለወጥ ጀምሯል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2024 አቋሙን ገልጿል፦ መሣሪያው ሥራውን ካሳጠረው በሰዓት የሚያስከፍል ጠበቃ ማስከፈል የሚችለው በእርግጥ የፈጀበትን ጊዜ ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ረቂቅ በአንድ ሰዓት ካለቀ የአራቱ ሰዓት ገቢ ጠፋ ማለት ነው። ድርጅቶች ወደ ቁርጥ ዋጋ መሄድ ወይም የሰዓቱን ዋጋ ማናር ይኖርባቸዋል። አንቺ የምትገቢው ይህ ባልለየለት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ልግባ ወይ ካልሽኝ፣ ግቢ እላለሁ። ትልልቅ ጉዳዮች የሚሠሩት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው። ሦስት አራት ዓመት በትጋት ከሠራሽ የማይወሰድብሽ እውቀት ይዘሽ ትወጫለሽ። ኑሮሽን ግን በደመወዙ ልክ አትስፊው። መውጣት ስትፈልጊ እንዳትወጪ የሚያስርሽ ዕዳው ነው።

ስትገቢ ሰዓትሽን በዚያው በሠራሽበት ቅጽበት መዝግቢ። ዓርብ ማታ ሰኞን ለማስታወስ የሚሞክር ሰው ሳያስበው ይዋሻል። የሠራሽውን ደግሞ ራስሽ አትቀንሺ። ብዙ ጁኒየሮች «ዘገየሁ፣ ያሳፍራል» ብለው አምስቱን ሰዓት ሦስት ያደርጉታል። መሰረዝ የሸሪኩ ሥራ ነው። አንቺ ከደበቅሽው ሥራው በእርግጥ ስንት እንደሚፈጅ ማንም ሳያውቅ ይቀራል፤ የሚቀጥለውም ሥራ በዚያ በሐሰተኛ ቁጥር ይተመንብሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ እነዚህን አጣሪ። ነፃ የሕግ አገልግሎት ከ1900ው ይቆጠራል? ሥልጠናስ? ድርጅቱ ራሱ ሥራ ባይሰጠኝና ባልሞላ ቦነሱ ብቻ ነው የሚቀረው ወይስ ሥራዬም? የወሊድ ፈቃድ ስወጣ ግቡ በዚያው ልክ ይቀነሳል? ባለፉት አምስት ዓመታት ሸሪክ ከሆኑት ስንቶቹ ከትርፉ ድርሻ አላቸው? በቃል የሚነግሩሽን በኢሜይል እንዲያረጋግጡልሽ ለምኚያቸው። አንቺም ጠበቃ ነሽ፤ በጽሑፍ መጠየቅሽን ማንም ክፉ አያደርገውም። ከዚያ በቅርቡ የለቀቁ ሁለት ሰዎች ፈልገሽ አነጋግሪ። ለምን ለቀቃችሁ ብለሽ አትጀምሪ፤ ማን አስተማራችሁ ብለሽ ጠይቂያቸው። ስም ከጠሩልሽ፣ ከዚያ ሰው ጋር የሚያሠሩሽ መሆኑን ድርጅቱን ጠይቂና ፈርሚ።